ልጄ ዘፍና አታውቅም

የመጡት ወፍጮው እየሠራ ሳለ ነው። ሞተሩ ይጮኻልና ስሜን ሲጠሩ አልሰማሁም። አንዱ ታጣቂ በጠመንጃው አፈሙዝ ትከሻዬን ነካ ሲያደርገኝ ዞርኩ። አፉ ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ አይሰማም። ሞተሩን አጠፋሁና "አሁን ተናገር" አልኩት።

"ከእኛ ጋር ትሄዳለህ" አለ።

የአንዲት ሴት በቆሎ ግማሹ ተፈጭቶ ግማሹ ቀርቶ ነበር። ልጨርስላት ብዬ ጠየቅሁ፤ አልፈቀዱም። ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆመች። ዱቄት እንደለበስኩ በአምቦ ከተማ መካከል ነዱኝ። የሚያውቁኝ ነጋዴዎች ወደ ሱቃቸው ውስጥ ዞረው ዕቃ መፈለግ ጀመሩ። አልተቀየምኳቸውም።

ያስገቡኝ ቤት ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር። በሩ ሲከፈት የሰው ላብና የነቀዘ ስንዴ ሸተተኝ። የስንዴውን ሽታ ስለማውቀው ለአፍታ ወደ ሥራዬ የተመለስኩ መሰለኝ። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ሰዎቹን አየሁ። ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ጀርባ ለጀርባ ተደጋግፈው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር ነው፤ ሽቦ ተመትቶበታል። ካቦ የሚባለው የክፍሉ አለቃ፣ ከእስረኞቹ መካከል የተመረጠ ሽማግሌ ነበር፤ ከአንድ ቀጭን ሰው አጠገብ አስቀመጠኝ።

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝ። "ከየት ነው የመጣኸው? እዚያ በረዶ ይዘንባል?"

"ወፍጮ ቤት ነው የምሠራው።"

"እንግዲያው ኦቦ ወፍጮ እንልሃለን" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። የታሰርኩት በእምነቴ ነው፤ የታሰርኩበት ቦታ መሣቂያ መሆኑ ደስ አላሰኘኝም።

ስለ ራሴ ትንሽ ልናገር። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በወፍጮ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ፣ የጆንያ ጽሑፍና የተቀደደ ጋዜጣ እያነበብኩ ነው። ያነበብኩት የመጀመሪያ መጽሐፍ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ከዚያ ሌላ ብዙ አልፈለግሁም። ቤተ ክርስቲያናችን በመንግሥት በታሸገች ጊዜ በየቤቱ እየተሰበሰብን እንጸልይ ነበር። ልጄና ጓደኞቿ በኦሮምኛ ይዘምሩ ነበር። አንድ ሰው ዝማሬያቸውን በካሴት ቀድቶ ኖሮ፣ ካሴቱ ጊንጪ ላይ ተያዘ። ከዚያ በኋላ ሰዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመሩ። ከጉደር የተያዙት ዘማሪ ልጆች ፀጉራቸውን ተላጭተው ተመለሱ። አንዷ አልተመለሰችም። ልጄን እኔ እስከተያዝኩበት ቀን ድረስ አልነኳትም።

በቤቴ አንድ ሕግ ነበር፤ መዝሙር መዝሙር ነው፣ ዘፈን ዘፈን ነው። በኦሮምኛም እንደዚያው ነው፤ ፋርፈና አለ፣ ሲርባ አለ። አንዱን በሌላው ስም የጠራ ልጅ ይቀጣል። ሬዲዮ የምከፍተው ለዜና ብቻ ነበር፤ ዜናው አልቆ ዘፈን ሲጀምር እዘጋለሁ። ዛሬ ጨካኝ ነበርክ የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን አባት በቤቱ ለይቶ ካላሳየ ልጅ በውጭ ሊለይ አይችልም ብዬ አምን ነበር፤ አሁንም ከግማሽ በላይ አምናለሁ።

ያ ቀጭን ሰው ደግሞ የእኔ ተቃራኒ ነበር። በከተማችን ፊልም ቤት ውስጥ ማሽኑን የሚያዞር እሱ ነበር። ፊልም ቤቱ ለስብሰባ ሲወሰድ ካሴት እየገለበጠ መሸጥ ጀመረ። የተያዘውም በዚሁ ነው። የአምቦ ተወላጅ ነው፤ አያቶቹ በምኒልክ ጊዜ መጥተው የሰፈሩ ናቸው። "ማርያምን!" እያለ ይምላል፤ ኦሮምኛው እንደ ተንጋደደ ጋሪ ነው። በአፉ ውስጥ ግን የዓለም ሙዚቃ ሁሉ ነበረ።

ከምሳ በኋላ ሙቀቱ ቆርቆሮውን ሲያንቃቃው፣ "ዛሬ ምን እናሳይ?" ብሎ ይጠይቃል።

"የፈረሰኛ!" ይላል አንዱ።

"የህንድ!" ይላል ሌላው።

"የህንድ ይቅርብን" ይላል ካቦው። "ትናንት ያለቀስነው ይበቃል።"

ከዚያ ፊልሙን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል። ተራኪ ብቻ አልነበረም፤ ፊልሙ ሙዚቃ የሚፈልግበት ቦታ ሲደርስ ያቆምና ሙዚቃውን ያመጣዋል። ፈረሰኛው በረሃውን ሲያቋርጥ ያፏጫል፤ ፉጨቱ ውስጥ አቧራው ይታያል። ወታደሮች ከጦርነት ሲመለሱ ጉንጩን ነፍቶ አኮርዲዮን ይሆናል። በዘይት ቆርቆሮ ላይ በጣቶቹ የህንድ ከበሮ ይመታል። ዘበኛው በሩን እስኪደበድብ ድረስ ይቀጥላል። አንዳንዴ ዘበኛው ራሱ ሳይደበድብ ይቆያል፤ መጨረሻውን ለመስማት።

እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እቀመጥ ነበር። በልቤ መዝሙረ ዳዊት እደግማለሁ። ዓይን ይጨፈናል፤ ጆሮ ግን ክዳን የለውም። አንድ ቀን ጥቁር አሜሪካውያን በጥጥ እርሻ ላይ ያንጎራጉሩት የነበረ ነው ብሎ አንድ ነገር አሰማ። ቃል አልነበረውም፤ ረጅም፣ ከደረት የሚወጣ ድምፅ ነው። አባቴ በደንዲ ከበሬዎቹ ኋላ ሲሄድ እንዲህ ያደርግ እንደነበረ ትዝ አለኝና ደነገጥሁ። ሌላ ቀን የሱዳን ዘፈን አሰማና "ልብ አድርጉ፣ ይህንን ማሲንቆ ላይ ብታደርጉት የእኛ ነው" አለ። ከኮንጎ የመጣ የጊታር አጨዋወት ነው ብሎ በምላሱና በጥርሱ መሐል የሚንጠባጠብ ውሃ የመሰለ ድምፅ አወጣ። በእናቱ ቤት በእጅ በሚጠመዘዝ ግራሞፎን ይሰማቸው የነበሩትን የድሮ ሸክላዎች ሲያስታውስ የመርፌውን ፍጭት እንኳ አልረሳም፤ እሱንም ያሰማ ነበር።

"ይህን ሁሉ ከየት ለቀምከው?" ብዬ ጠየቅሁት አንድ ቀን። ከእሱ ጋር ከጀመርኩት ንግግር የመጀመሪያው ይህ ይመስለኛል።

"የትም። ዜማ እኮ መታወቂያ አይጠየቅም፣ ኦቦ ወፍጮ። ኬላውን ዝም ብሎ ያልፋል።"

ጠቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠዋት ፊታችንን ልንታጠብ ወደ ግቢው ሲያወጡን፣ ውሃው ፊቴን ሲነካኝ ሳላስበው አንጎራጎርኩ። ልጄና ጓደኞቿ በየቤቱ ስብሰባ የሚዘምሩት መዝሙር ነው። ከየት እንደመጣ ጠይቄ አላውቅም፤ ቃሉን መርምሬ ትክክል ሆኖ ስላገኘሁት ይበቃኝ ነበር።

ሰውየው እጁን ውሃው ውስጥ እንደነከረ ቀረ። "ቆይ፣ ቆይ። ይህን ፊልም የት ነው ያየኸው?"

"ፊልም አይቼ አላውቅም።"

"አንተ ባታይ ጉሮሮህ አይቷል። የህንድ ነው። ዕውሯ እናት ባቡር ጣቢያ ተቀምጣ ልጇን ስትጠብቅ የምትዘፍነው ነው። ማርያምን! ስንቴ አሳይቼዋለሁ።"

"ይህ መዝሙር ነው" አልኩት።

"ይሁን። መጀመሪያ ግን ዘፈን ነበር።"

በሕይወቴ ሰው መትቼ አላውቅም፤ ያን ቀን እጄ ተነሥቶ ነበር። ካቦው መሐላችን ገባ። ከዚያ ለብዙ ቀን አላናገርኩትም። አጠገቤ ነው የሚቀመጠው፤ ስንተኛ ጉልበቱ ጀርባዬን ይነካል፤ ግን አላናገርኩትም።

ያለ ሥራ መቀመጥ ሰውን ያሳስባል። አስቤ አስቤ አንድ መልስ ያገኘሁ መሰለኝና ራሴ ተናገርኩት። "ዜማው ጆንያ ነው" አልኩት። "በአንድ ጆንያ ውስጥ ትናንት በቆሎ ነበረ፣ ዛሬ ስንዴ አለ። የሚበላው እህሉ ነው። ስለዚህ ጆንያው ከህንድ ቢመጣ ግድ የለኝም።"

እሱም በትዕግሥት አዳመጠኝ። "ጥሩ ነው" አለ። "ግን ጆንያ ብቻ ከሆነ ፊትህን ስትታጠብ ለምን እህሉን ብቻ አልተናገርክም?"

ካቦው ከማዶ ሳቀ። "መልስ እንጂ፣ ኦቦ ወፍጮ!"

 ቂሜ በዚያው ወጣልኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከምሳ በኋላ ፊቴን ወደ ሰዎቹ አድርጌ ተቀመጥኩ።

አንድ ጠዋት መርማሪው ዘንድ ጠሩኝ። መርማሪው ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው ነው፤ ኦሮምኛ አይችልም። ጸጉሩ በደንብ የተበጠረ፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነበር። በጠረጴዛው ላይ ቴፕ ተቀምጧል። ቁልፉን ሲጫን መጀመሪያ የአንድ ቤት ጫጫታ ተሰማ፤ የወንበር ድምፅ፣ የሰው ሳል። ከዚያ መዝሙሩ።

ድምፁ የልጄ ነው። ብቻዋን ነበር የምትዘምረው፤ ሌሎቹ የሚቀበሉት ቆይተው ነው። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ስትደርስ ትንፋሿ ትንሽ ይሰበራል፤ በልጅነቷ ሳንባዋን ከታመመች ጀምሮ እንዲያ ናት። አባት ለዚህ ምስክር አያስፈልገውም። እጆቼን ጭኔ ላይ አድርጌ ወለሉን አየሁ።

መርማሪው ቴፑን አቆመ። "ቃሉን አስተርጉመነዋል፤ ምን እንደሚል እናውቃለን። የምፈልገው ባለ ድምፁን ነው። እናንተ ጴንጤዎች አትዋሹም ይባላል፤ እውነት ነው?"

"አንዋሽም።"

"ጥሩ። ልጅህ ናት የሚሉ አሉ። ይህን የምትዘፍነው ልጅህ ናት?"

ቃሉን የመረጠው እሱ ነው። ለእሱ ከቴፕ የሚወጣ ነገር ሁሉ ዘፈን ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ሁሉ መጻፍ አልችልም። በሁለት የተሳሉ ነገሮች መሐል መቆሜን አውቃለሁ። ብዋሽ ለልጄ ያስተማርኩት ሁሉ ይፈርሳል፤ እውነቱን ብናገር ልጄን ይወስዷታል። ከዚያ ያ ቃል እንደ ክፍት በር ታየኝ።

"ልጄ ዘፍና አታውቅም" አልኩ።

"እርግጠኛ ነህ?"

"በቤቴ ዘፈን የለም። ጎረቤት ጠይቅ። ልጄ ከተወለደች ጀምሮ ዘፍና አታውቅም።"

ዓይኔን አየኝ። እኔም አየሁት፤ እውነት ስለተናገርኩ ማየት አላስፈራኝም። ለጊዜው ያመነኝ ይመስለኛል። ግን ጠንቃቃ ሰው ነበርና ለዘበኛው "ያንን የካሴት ሰውዬ አምጣው" አለ።

ቀጭኑ ሰው መጣ። ከጎኔ አቆሙት። ቴፑ እንደገና ተከፈተ። ዓይኑን ጨፍኖ፣ ራሱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ አዳመጠ። ትንፋሿ የሚሰበርበት ቦታ ሲደርስ ቅንድቡ ተንቀሳቀሰ።

"ይህን ድምፅ ታውቀዋለህ?" አለ መርማሪው።

"ጓድ፣ ይህ የህንድ ፊልም ዘፈን ነው።"

"አትቀልድ። ኦሮምኛ ነው።"

"ቃሉ ኦሮምኛ ነው፤ ዜማው የህንድ ነው። ባቡር ጣቢያ ላይ ያለችው እናት የምትዘፍነው። የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ዘበኛውን ጠይቀው።"

በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሳይጠየቅ ራሱን ነቀነቀ።

"የማን ድምፅ ነው ያልኩህ?"

 "የዚህ አገር ልጅ አይደለችም" አለ ሰውየው። "ከድንበር ማዶ ካለ ስብሰባ ነው። ከውጭ ሬዲዮ ነው የቀዳሁት። እኔ ነኝ የቀዳሁት፤ ካሴቱንም ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ።"

መርማሪው እስክሪብቶውን አነሣ። ካሴት መገልበጥ አንድ ነገር ነው፤ ከውጭ ሬዲዮ ቀድቶ ማከፋፈል ሌላ ነው። በዚያ ጊዜ የኖረ ሰው ልዩነቱን ያውቃል። እሱም ያውቅ ነበር።

ወደ ክፍሉ ስንመለስ ሰዎቹ ቦታ ለቀቁልን። ውሃ ሰጠሁት። ጠጣና ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ።

"ለምን እንዲህ አደረግህ?" አልኩት በቀስታ።

"ድምፁ ጥሩ ነው" አለ። "እዚህ ቢገባ ይበላሻል።"

"ወንድሜ፣ አንተን ምን ያደርጉሃል?"

"እኔማ ድምፄ ሻካራ ነው" አለና ወደ ካቦው ዞረ። "ዛሬ ምን እናሳይ?"

ማንም የፊልም ስም አልጠራም።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ማለዳ ፀሐይ በመስኮቱ ሽቦ ልትገባ ስትል በሩ ተከፈተና ስሙ ተጠራ። "ከነዕቃህ ውጣ።" ይህን ቃል ሁላችንም እናውቀዋለን። ወደ ቤት የሚሄድም በዚሁ ነው የሚጠራው፤ ወደማይመለስበት የሚሄድም በዚሁ ነው። ዕቃው አንድ ሹራብና አንድ ጣሳ ነበር። ሹራቡን ከእጁ ወስጄ አጣጠፍኩለት።

በእኛ አገር ደንብ መንገደኛ ከቤት ሲወጣ ሽማግሌ ቆሞ ይመርቀዋል። በዚያ ክፍል ዘበኛ በበሩ ሳለ መቆም ክልክል ነው። ተነሣሁ። ሰውየው የእኔ እምነት ሰው አይደለም፤ ዘፋኝ ነው፤ በማርያም የሚምል ነው። በቀድሞ ሐሳቤ ቢሆን እጄን አላነሣለትም ነበር። ሁለት እጄን አነሣሁና በኦሮምኛ መረቅሁት። መንገድህ ይስፋ፣ ፊትህ ይብራ፣ ጠላትህ ስምህን ይርሳ፣ በሰላም ቤትህ ግባ አልኩት። በእያንዳንዱ ቃል ላይ ከኋላዬ "አሜን" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ዞር ስል ሁሉም ቆመዋል፤ ከጊንጪ የተያዙትም፣ ከአዲስ ዓለም የመጣ አንድ መምህርም፣ ካቦውም። ዘበኛው "ተቀመጡ!" ብሎ ጮኸ። ምርቃቱ እስኪያልቅ የተቀመጠ የለም።

"ነጋን ገሊ" አልኩት በመጨረሻ፤ በሰላም ግባ ማለቴ ነው።

"በዚህ ኦሮምኛዬ ምን ብዬ ልመልስ?" አለና ወጣ።

እኔ ያለ ፍርድ እንደገባሁ ያለ ፍርድ ወጣሁ። ልጄን ቤት አገኘኋት። መርማሪው ለምን እንደለቀቀኝ፣ እሷንም ለምን እንዳልፈለጋት አላውቅም፤ የሰጠሁት ቃል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ብዙ ዓመት በዚያ መልስ ስኮራ ኖርኩ። ሳልዋሽ ልጄን አዳንኩ እል ነበር። ለልጆች ስለ እውነት ስመክር ስም ሳልጠራ እጠቅሰው ነበር።

ልጄ አሁን የልጆች እናት ናት፤ ጊንጪ ታስተምራለች። በቅርቡ ልትጠይቀኝ መጥታ ብቻችንን ስንቀመጥ ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። እስከዚያ ቀን ነግሬያት አላውቅም ነበር። "ልጄ ዘፍና አታውቅም" ያልኩበት ላይ ስደርስ እጇን አፏ ላይ አደረገች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር።

"አባዬ" አለች፤ "እኔ እኮ እዘፍን ነበር።"

ወንበሬን ወደ እሷ አስጠጋሁ።

"ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ ቅዱስ ጥናት እያልኩ ከጓደኛዬ ጋር ፊልም ቤት እሄድ ነበር። ያንን የእናትየዋን ዘፈን ቃሉን ሳናውቀው በአፋችን ህንድኛ እያስመሰልን ወንዝ ዳር እንዘፍነው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሲታሸግና የመዝሙር መጽሐፉ ሲወሰድ ዜማ አጣን። ያንን ዜማ ወስጄ የኦሮምኛውን ቃል የጻፍኩለት እኔ ነኝ።"

"ማን አስገባችሁ?"

"ማሽን የሚያዞረው ሰውዬ። በጓሮ በር። 'የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ አይደለሽ? አባትሽ ቢያይሽ ከስንዴው ጋር ይፈጭሻል' እያለ ይስቅብኝ ነበር።"

ስለዚህ ያውቃት ነበር። ግቢው ውስጥ እጁን ውሃ ውስጥ እንደነከረ ሲቀር ከማን እንደሰማሁት ገብቶት ይሆናል። በዚያ ሁሉ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ፣ ልመታው እጄን ሳነሣ እንኳ፣ አልነገረኝም። ቢነግረኝ ኖሮ መርማሪው ፊት ያንን መልስ ዓይኑን እያየሁ መስጠት አልችልም ነበር። ይህን አስቦት ይሁን አይሁን የሚነግረኝ የለም።

እውነት ነው ብዬ የያዝኩት ቃል ውሸት ነበር። እኔ ግን አላወቅሁም ነበር። ንስሐ ልግባ ብዬ ተንበረከክሁ፤ ላላወቅሁት ውሸት ይሁን ለኩራቴ፣ ለየትኛው እንደምገባ አጣሁት። ልጄን አልተቆጣኋትም። መዝሙር መዝሙር ነው፣ ዘፈን ዘፈን ነው ብዬ ዛሬም አስተምራለሁ፤ ነገር ግን አንድ ልጅ ሲሳሳት ድምፄን እንደ ድሮው አላነሣም።

ሰውየውን ፈልጌአለሁ። ቤተሰቡ ከአምቦ ወጥቷል። በፊልም ቤቱ ቦታ ሌላ ሕንፃ ቆሟል። አብረውን ከነበሩት አንዱ ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት ይላል፤ ሌላው እስከዚያም አልደረሰም ይላል። መቃብሩን ያየ የለም።

የእኛ እምነት ለሞተ ሰው መጸለይን አያስተምርም፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ጥብቅ ነኝ። መሞቱን ግን እስከ ዛሬ ያረጋገጠልኝ ሰው የለም። ስለዚህ በየጠዋቱ ስሙን ጠርቼ እጸልይለታለሁ።